እኩል ጣሪያ፣ እኩል ያልሆነ ኪስ

በአሜሪካ ፖለቲካ የጤና መድን ክርክር በተነሣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ብቻ ይመስላል፤ «መድን ያለው ማን ነው? የሌለውስ?» የሚል። ሁለቱ ፓርቲዎች ዓመት ከዓመት የሚፋለሙት በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። «መድን አለው» ተብሎ አንድ ጊዜ በመዝገብ የሰፈረ ሰው ከክርክሩ ይወጣል፤ ጉዳዩ እንደ ተዘጋ ፋይል ወደ መደርደሪያ ይመለሳል። እኔ ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ፋይሉ ስለ ተዘጋበት ሰው ነው።

በአሜሪካ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰው የጤና መድኑን የሚያገኘው በራሱ ወይም በቤተሰቡ አባል ቀጣሪ በኩል ነው። ከእኛም ወገን በዋሽንግተን፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በሌሎች ከተሞች በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሮ የሚሠራው ብዙ ሰው ከነዚሁ ጋር ይቆጠራል። ካርዱ በኪሱ አለ። ለመሆኑ ካርዱ ከተቀመጠበት ከዚያው ኪስ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ስንት ዶላር ሊወጣ ይችላል? ሕጉ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አለ። መልሱ ለማን እንደ ተሰፋ ግን ሲጠየቅ አይሰማም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላመለከትኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሪያው ምንድን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ቃላትን ማፍታታት ግድ ይላል። በቀጣሪው በኩል መድን የገባ ሠራተኛ ከየደመወዙ አረቦን ይቆረጥበታል፤ ቢታመምም ባይታመምም ይከፍላል። ሲታመም ደግሞ መድኑ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሠራተኛው ራሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያ ወጪ አለ፤ ሁላችንም በእንግሊዝኛ ስሙ «ዲዳክቲብል» የምንለው ነው። እሱ ከሞላ በኋላም በየቀጠሮው የሚከፈል «ኮፔይ» ወይም ከሒሳቡ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻ ይቀጥላል። እንግዲህ ከአረቦኑ በስተቀር እነዚህ ሁሉ ተደምረው በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያልፉት የማይገባ ወሰን ተበጅቷል። ከኪስ የሚወጣ ወጪ ጣሪያ የሚባለው ይህ ነው። ጣሪያው ከተነካ በኋላ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ መድኑ ሙሉውን ይከፍላል።

ይህ ጣሪያ ቀላል ድል እንዳልሆነ አስቀድሜ ልመስክር። ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2010 የጤና ሕጉን ከመፈረማቸው በፊት፣ በብዙ ውሎች ላይ የነበረው ጣሪያ የተገላቢጦሽ ነበር። «ለአንድ ሰው በዕድሜው ዘመን ከዚህ በላይ አንከፍልም» የሚል አንቀጽ ነበረ። ካንሰር የያዘው ሰው ወሰኑ ላይ ሲደርስ መድኑ ይቆማል፤ በሽታው ግን አይቆምም። ጣሪያው የሚጠብቀው ከፋዩን ድርጅት ነበር። ሕጉ ይህንን ገለበጠውና ጣሪያውን ወደ በሽተኛው አዞረው። ከ2014 ጀምሮም ወሰኑ በቀጣሪ መድኖች ላይ እንዲሠራ ተደረገ፤ የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ በራሳቸው ካዝና የሚሸከሙት ትልልቅ ቀጣሪዎች እንኳ አላመለጡም። ከሕጉ በፊት የነበሩና ብዙም ሳይለወጡ የቆዩ ውሎች ብቻ ነጻ ተደረጉ።

ታዲያ ጣሪያው ስንት ነው? በ2014 ለአንድ ሰው 6,350፣ ለቤተሰብ 12,700 ዶላር ነበር። ለ2026 የተወሰነው ለአንድ ሰው 10,600፣ ለቤተሰብ 21,200 ዶላር ነው። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት ሦስተኛ አደገ ማለት ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሕጉ ጣሪያውን ከመድን አረቦን ዕድገት ጋር አስሮታልና ሕክምና በተወደደ ቁጥር ጣሪያውም አብሮ ይወጣል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በበኩሉ በ2009 7.25 ዶላር ከተባለበት ቀን አንሥቶ ንቅንቅ አላለም። ጣሪያው መሰላል አለው፤ ደመወዙ የለውም።

በጣሪያው ሥር የማይቆጠሩ ወጪዎችም አሉ። አረቦኑ አይቆጠርም። መድኑ የማይሸፍነው ሕክምና አይቆጠርም። ከ«ኔትወርክ» ውጪ ወዳለ ሐኪም ሰው ፈልጎ ከሄደ በሕጉ ጣሪያ አይቆጠርለትም። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሌላ ሕግ ድንገተኛ ሕክምናን በተመለከተ ይህን ክፍተት በአብዛኛው ደፍኖታል፤ ነገር ግን በአየር የሚመጣውን አምቡላንስ ሲያካትት በመንገድ የሚመጣውን ተወው። ከመካከላችን በሄሊኮፕተር ሆስፒታል የሚደርስ ስንቱ ይሆን?

የወዳጄ ወረቀት፣ የእኔ ወረቀት

በስደት ማኅበረሰባችን ውስጥ «ዶክተር» መባል የራሱ ዕዳ አለው። ዶክትሬቴ የሕክምና እንዳልሆነ ብናገርም ሰሚ የለኝም፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ስንቀመጥ በሆስፒታልና በኢንሹራንስ ማኅተም የታተመ ፖስታ ከየኪሱ ይወጣል። ከነዚህ ባለፖስታዎች አንዱ በዕድሜ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጠኝ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ የሆነ ወዳጄ ነው። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ «ዶክተር» ይለኛል።

በ2024 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ጋሼ በሥራ ላይ ሳለ ደረቱን ጨመቀው። ሆስፒታል ወስደው የተዘጋውን የልቡን ቧንቧ ከፍተው ስቴንት አስገቡለት። ሕይወቱ ተረፈች፤ ስለዚህም ፈጣሪውንም ሐኪሞቹንም ሲያመሰግን ሰምቼዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፖስታው መጣ።

«ዶክተር፣ እስቲ ይቺን እያት። ክፈል ነው የምትለው ወይስ አትክፈል?»

ወረቀቱ በደማቅ ፊደል «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ይላል። ከሥሩ ግን የዲዳክቲብሉና የመቶኛ ድርሻው ድምር ሰፍሯል፤ 8,000 ዶላር። የቀጣሪው ውል ለአንድ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ ይኸው ነበርና በሁለት ሌሊት የሆስፒታል ቆይታ ጣሪያው ተነካ። እውነተኛው መጠየቂያ በሳምንቱ ተከተለ።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ጋሼ በሰዓት 21 ዶላር ያገኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይጓደል ቢሠራ 43,680 ዶላር ነው። 8,000 ዶላር ማለት የ381 ሰዓት ሥራ ነው፤ ግብር ሳይቆረጥ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፈል፣ እናት ቤት ሳይላክ፣ ዘጠኝ ሳምንት ተኩል። ከዓመት ገቢው 18 በመቶ መሆኑ ነው። በዚህ ደመወዝ የሚተዳደሩት እሱ፣ ባለቤቱና ገና ትምህርት ያልጨረሰች ልጃቸው ናቸው።

የእኔን ውል ደግሞ አውጥቼ አየሁት። እኔ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 3,500 ዶላር ነው፤ ከዓመት ደመወዜ 4 በመቶ አይሞላም። እንዲያው ለነገሩ፣ ከሁለታችን የበለጠ የሚያገኘው እኔ ነኝ፤ ዝቅ ያለው ጣሪያ የተሠራውም ለእኔ ነው። ሕጉ የሚያዘው «ከዚህ በላይ እንዳይሆን» ብቻ ነውና፣ ምሁር ለመሳብ የሚሽቀዳደም ቀጣሪ ጣሪያውን ያወርደዋል፤ ሠራተኛው በማግስቱ በሌላ ሠራተኛ የሚተካበት ቀጣሪ ግን ወደ ወሰኑ ያስጠጋዋል።

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ እንኳ ነገሩ አይስተካከልም። አረቦኑ በደመወዝ ደረጃ ይለያያል፤ ዝቅተኛ ተከፋይ ያነሰ ይቆረጥበታል። ይህ መልካም ነው። ጣሪያው ግን ለፕሬዚዳንቱም፣ ለእኔም፣ ሌሊት ቢሮዬን ለምታጸዳውም እኅት አንድ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ ለረጅሙ ሰው ወገቡ ላይ የሚደርሰው ውኃ አጭሩን ሰው ከነአናቱ ይውጠዋል። ውኃው ግን ለሁሉም «እኩል» ነው።

ጃንዋሪ 1

የጋሼ ነገር በዚህ አላበቃም። ሐኪሙ 36 ጊዜ የሚወሰድ፣ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የልብ ማገገሚያ ልምምድ አዘዘለት። በዲሴምበር ጀመረ። ጣሪያው ተነክቶ ስለ ነበር አንዲት ሳንቲም አልጠየቁትም፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ፊቱ ሲመለስ አየሁት። ከዚያ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 መጣ። በዚያች ሌሊት ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ 3,000 ዶላር የሆነው ዲዳክቲብል እንደገና ከአንድ መቆጠር ጀመረ፤ ከዲዳክቲብሉም በላይ አዲሱ የ8,000 ዶላር ጣሪያ ተዘረጋ። እያንዳንዷ ልምምድ በሙሉ ዋጋዋ ወደ እሱ መጣች። የኖቬምበሩን ዕዳ በየወሩ እየከፈለ ሁለተኛ ዕዳ ለመጀመር አልደፈረም። ቆጥሬዋለሁ፤ ከ36ቱ የሄደው 11 ጊዜ ብቻ ነው።

«ልቤ እኮ ዓመቱ መለወጡን አያውቅም» አለኝ። «ኢንሹራንሱ ነው የሚያውቀው።»

ሕመሙ በጃንዋሪ ቢመጣበት ኖሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመቱን ሙሉ በታከመ ነበር። በኖቬምበር ስለ መጣበት በሦስት ወር ውስጥ የሁለት ዓመት ጣሪያ ከፊቱ ተደቀነ። በሽታ የቀን መቁጠሪያ አይቶ የሚመጣ ይመስል፣ የሰውየው ዕጣ በወሩ ተወሰነ። ጥንቃቄው፣ ታታሪነቱ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሳያጓድል የከፈለው አረቦን ከቁጥር አልገባም።

ስለ «ቆዳ» የሚነገረው ትረካ

የዚህ ሥርዓት ደጋፊዎች ለረጅም ዘመን የሚደግሙት አንድ መከራከሪያ አላቸው። «ሰው የራሱ ገንዘብ ካልተነካ ሕክምናን ያለ አግባብ ያበዛል፤ ስለዚህ ከኪሱ ጥቂት ይውጣ» ይላሉ። በእንግሊዝኛ «የራስን ቆዳ ጨዋታው ውስጥ ማስገባት» ብለው ይጠሩታል። መከራከሪያው ባዶ አይደለም፤ ጥናትም አለው። በጣም የታወቀው በ1970ዎቹ በኢኮኖሚስቱ ጆሴፍ ኒውሃውስ መሪነት የራንድ ተቋም ያካሄደው ሙከራ ነው። በስድስት አካባቢዎች 2,750 ያህል ቤተሰቦች በዕጣ ተደለደሉ፤ ገሚሱ ሕክምናን በነጻ እንዲያገኝ፣ ሌላው የተለያየ ድርሻ ከኪሱ እንዲከፍል ተደረገ። ከኪሳቸው የከፈሉት በእርግጥ ያነሰ ሕክምና ተጠቀሙ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ጥናት ብዙ ጊዜ የማይጠቀሱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከፋዮቹ የቀነሱት አላስፈላጊውን ሕክምና ብቻ አልነበረም፤ የሚጠቅመውንም ከማይጠቅመው ጋር አብረው ቀነሱ። ሁለተኛ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ሆኖ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ሕክምናው ነጻ ሲሆንላቸው ግፊታቸው በተሻለ ሁኔታ ተስተካክሏል። ሦስተኛው፣ ለዛሬው ርእሴ ዋናው፣ አጥኚዎቹ ያለ ጣሪያ ማንንም አላስከፈሉም። ጣሪያውም ከቤተሰቡ ገቢ 5፣ 10 ወይም 15 በመቶ ሲሆን ከ1,000 ዶላር እንዳያልፍ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ የዛሬዎቹ ውሎች ምስክር አድርገው የሚጠሩት ያ ጥናት ራሱ የቆመው፣ ከገቢ ጋር በተመዘነ ጣሪያ ሥር ነው። ከጥናቱ «ያስከፍሉ» የሚለውን ወሰዱ፤ «እንደ አቅሙ» የሚለውን ጣሉት።

በ2017 የታተመ ሌላ ጥናትም አለ። ተመራማሪዎቹ ሠራተኞቹ ጥሩ ደመወዝ የሚያገኙበትን አንድ ትልቅ ኩባንያ ወስደው፣ ከነጻ ሕክምና ወደ ከፍተኛ ዲዳክቲብል ሲዛወሩ ምን እንደሚያደርጉ ተከታተሉ። ወጪው ቀነሰ፤ ነገር ግን ሰዎቹ ርካሽ ሐኪም ፈልገው አልነበረም፤ በቀላሉ ሕክምናውን ተዉት። በጠና የታመሙና ዓመቱ ሳያልቅ ዲዳክቲብላቸውን መሙላታቸው የማይቀር ሰዎች ሳይቀሩ የዛሬን ዋጋ አይተው ወደ ኋላ አሉ። ደህና ገቢ ያለው ሰው እንዲህ ካደረገ ባለ 21 ዶላሩ ምን ያድርግ?

ደግሞስ የቆዳው ትረካ ለትንሹ ኮፔይ ይሆን ይሆናል እንጂ ለጣሪያው ከቶ አይሆንም። ጣሪያ ላይ የሚደርሰው ለጉንፋን ሦስት ሐኪም የሚያማርጥ ሰው አይደለም። ልቡ የተዘጋበት፣ ዕጢ የወጣበት፣ ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደበት ነው። ከማገገሚያ አልጋ ላይ ሆኖ ዋጋ የሚያወዳድር ሰው አላየሁም።

ሕጉ ገቢን ማየት ይችልበታል

«ጣሪያን ከገቢ ጋር ማሰር አይቻልም» የሚል ካለ የገዛ ሕጉን ያንብብ። በመንግሥት ገበያ በኩል በግሉ መድን ለሚገዛ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ሕጉ ጣሪያውን ዝቅ ያደርግለታል። ገቢው ከድኅነት መስመሩ እጥፍ ለማያልፍና የተወሰነውን ዓይነት ውል ለሚመርጥ ሰው፣ ለ2026 የተቀመጠው ጣሪያ ከ10,600 ወደ 3,500 ዶላር ይወርዳል። በ43,680 ዶላር የሚኖር ባለ ሦስት ሰው ቤተሰብ ከዚህ መስመር በታች ነው። ታዲያ ጋሼ ለምን ወደዚያ አይሄድም? ምክንያቱም ቀጣሪው መድን «አቅርቦለታል»። የቀጣሪው መድን ለአቅሙ የሚመጥን ከተባለ በገበያው ያለው እገዛ ይዘጋበታል። የሚመጥን መሆኑ የሚለካው ደግሞ በአረቦኑ ነው፤ በ2026 አረቦኑ ከቤተሰቡ ገቢ 9.96 በመቶ ካላለፈ «ይመጥናል» ይባላል። ልብ በሉ፤ አረቦኑን ሲለካ ሕጉ ገቢን ያያል። ጣሪያውን ሲለካ ግን ዓይኑን ይጨፍናል። ለጤነኛው ቀን ሚዛን አለው፤ ለሕመሙ ቀን የለውም።

እኔ ዶክትሬቴን የሠራሁት በጀርመን አገር ነው። በዚያ ዘመን ሐኪም ዘንድ ስንሄድ በየሦስት ወሩ 10 ዩሮ እንከፍል ነበር፤ ሕዝቡ አጥብቆ ይጠላው ስለ ነበር ከ2013 መግቢያ ጀምሮ ተሽሯል። ለመድኃኒትና ለሆስፒታል የሚከፈሉ ትንንሽ ድርሻዎች ግን ዛሬም አሉ። ጀርመኖች እነዚህን ሁሉ ሲደምሩ ያስቀመጡት ጣሪያ በገንዘብ መጠን የተቆረጠ አይደለም፤ ከቤተሰቡ ጠቅላላ ዓመታዊ ገቢ 2 በመቶ ነው። በጽኑ ሕመም ለሚማቅቅ ሰው ደግሞ 1 በመቶ። በዚህ ሚዛን የጋሼ ጣሪያ ከ874 ዶላር አያልፍም ነበር። ያውም የጀርመኑ መድን በቀጣሪና በሠራተኛ መዋጮ ላይ የቆመ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

አገራችንም ብትሆን ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። አሜሪካ የጤና ሕጓን ባወጣችበት በዚያው በ2010፣ ኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ን አወጣች። ለመደበኛ ሠራተኛው የታሰበው መዋጮ ከሠራተኛው 3፣ ከቀጣሪው 3 በመቶ፣ በደመወዝ ልክ ነበር። አዋጁ ተግባራዊ ሳይሆን ለዓመታት መጓተቱ ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ሐዘን ነው። መርሑ ግን ትክክል ነበር፤ እንደ አቅምህ አዋጣ፣ እንደ ሕመምህ ታከም።

መብትና ምጽዋት

ስለ ጋሼ ዕዳ አንድ መውጫ ነበረ። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል የግብር ነጻነቱን ለመጠበቅ የገንዘብ ድጋፍ ደንብ በጽሑፍ እንዲኖረው ይኸው የ2010 ሕግ ያስገድደዋል፤ ታካሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው መጠየቂያ ከደረሰው ቀን አንሥቶ 240 ቀን የማመልከቻ ጊዜ አለው። እንደየሆስፒታሉ ደንብ፣ መድን ያለው ሰውም በተረፈው ዕዳ ላይ ሊያመለክት ይችላል። ይህን የማያውቀው ወገናችን ብዙ ስለሆነ ላነበባችሁት ሁሉ አደራ እላለሁ፤ ለምታውቁት ንገሩ።

ቅጹን አወጣሁለት። ጋሼ ግን አልቀበልም አለ።

«እኔ እኮ ሠርቼ የምበላ፣ ኢንሹራንስ የምከፍል ሰው ነኝ። ምን ብዬ ነው የድኻ ወረቀት የምሞላው?»

ሦስት እሑድ ተከራከርን። በመጨረሻ ባለቤቱ ተቆጥተው ፈረመ፤ ሲፈርም ቀና ብሎ አላየኝም። ሆስፒታሉ ከቀረው ዕዳ ከፊሉን ሰረዘለት። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ነገር ግን የሰውየው ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለ፤ እውነት ነበረውና። መድን የገባ ሰው የገዛው ጥበቃ ነው። በገዛው ጥበቃ ምክንያት ወደ ልመና ቅጽ ከተገፋ፣ የገዛው ነገር ምን ነበር? አቅሙን ያገናዘበ ጣሪያ ቢኖር ኖሮ ያው ገንዘብ በመብት ይቀርለት ነበር፤ አሁን ግን በምጽዋት ተሰጠው። በገንዘብ ረገድ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በሰው ክብር ረገድ ግን ትልቅ ነው።

የእኛ ሰው በዚህ ክፍተት ውስጥ የራሱን ድልድይ ሠርቷል። አንድ ሰው ታመመ ሲባል በየስልኩ መልእክት ይዞራል፤ ጎፈንድሚ ይከፈታል፤ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሣጥን ይቀመጣል። እኔም እሰጣለሁ፤ እናንተም ትሰጣላችሁ። በዚህ ልንኮራ ይገባል። ዳሩ ግን እየከፈልን ያለነው የመድኑን ጣሪያ መሆኑን እንወቅ። አረቦን ከሚቆረጥበት ሠራተኛ የጎደለውን፣ ራሳቸው አረቦን የሚቆረጥባቸው ሠራተኞች እየሞሉለት ነው።

አንዳንድ ሰው «እድርም እኮ ከሁሉ እኩል ያስከፍላል» ብሎኛል። እውነት ነው። ነገር ግን እድር የሚያስከፍለው መቼ ነው? በደህናው ቀን፣ በወር በወር፣ ትንሽ በትንሽ። ኀዘን የገባበት ቤት ሲደርስ ድንኳንና ወንበር ይዞ ይመጣል እንጂ ለሐዘንተኛው መጠየቂያ አያቀርብም። አያቶቻችን ዶክትሬት ሳይኖራቸው ይህን አውቀው ነበር፤ መዋጮ የሚሰበሰበው ከደህናው ነው እንጂ ከወደቀው አይደለም። የመድን ትርጉሙም ከዚህ ሌላ አይደለም።

ለሚነሡት ተቃውሞዎች

«ጣሪያው ለዝቅተኛ ተከፋዩ ቢወርድ የሁሉም አረቦን ይጨምራል» ይባላል። አዎን፣ ጥቂት ይጨምራል። በ2025 የተካሄደው የካይዘር ተቋም ጥናት እንደሚያሳየው በቀጣሪ በኩል የሚገኝ የቤተሰብ መድን አማካይ ዓመታዊ አረቦን 26,993 ዶላር ደርሷል፤ ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው የሚከፍለው በአማካይ 6,850 ነው። ሸክሙ ቀድሞውንም ከባድ መሆኑን አልክድም። ሆኖም በአንድ ዓመት ውስጥ ጣሪያቸውን የሚነኩ ሠራተኞች ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው። የጥቂቶቹን ድንገተኛ ሸክም ለብዙዎቹ በትንሽ በትንሹ ማከፋፈል የመድን ሥራ ነው። ይህ ሥራ ካልተሠራ የተገዛው ምንድን ነው?

«ቀጣሪ የሠራተኛውን አቅም እንዴት ያውቃል?» ይባላል። ደመወዙን የሚከፍለው ማን ሆነና? አረቦንን በደመወዝ ደረጃ መለየት የቻለ መሥሪያ ቤት ጣሪያንም በዚያው ሰንጠረዥ መለየት አያቅተውም።

«መንግሥት በቀጣሪና በሠራተኛ መካከል ምን አገባው?» የሚሉም አሉ። መንግሥት ገና ድሮ ገብቶበታል። መድን ከሥራ ጋር የተጣበቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 በወጣው ሕግ ደመወዝ ሲታገድ ቀጣሪዎች በደመወዝ ፈንታ መድን እንዲሰጡ ስለ ተፈቀደ ነው። በ1954 ደግሞ ቀጣሪው የሚከፍለው አረቦን ለሠራተኛው ከግብር ነጻ መሆኑ በሕግ ጸና። ይህ የግብር ነጻነት ገቢው ከፍ ላለ ሰው የበለጠ ዋጋ አለው፤ ከፍ ባለ መደብ ግብር የሚከፍለው እሱ ነውና። ስለዚህ ከሕዝብ ካዝና ለእኔ መድን የሚደረገው እገዛ ለጋሼ ከሚደረገው ይበልጣል። መንግሥት እኔን ለማገዝ ሲገባ ማንም «ምን አገባህ» አላለውም።

ምን እናድርግ?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በቀጣሪ መድን ያለው ጣሪያ እንደ ገበያው መድን ገቢን እንዲያይ ይሁን፤ ለዝቅተኛ ተከፋዩ ከዓመት ደመወዙ የተወሰነ መቶኛ እንዳያልፍ በሕግ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ጣሪያውን የነካ ሰው በዚያው ሕመም እየታከመ ሳለ ቆጣሪው በጃንዋሪ 1 አይመለስበት፤ ዓመቱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ይቆጠርለት። ብዙዎቹ ትልልቅ ቀጣሪዎች ወጪውን በራሳቸው የሚሸፍኑ ሲሆኑ፣ ከ1974 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ሥር ስላሉ የየክፍለ ግዛቱ የመድን ሕግ አይደርስባቸውም። ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ለኮንግረስ ነው። ዜግነት ያላችሁና የምትመርጡ ወገኖቼ፣ እጩ ተወዳዳሪ ሬስቶራንታችን መጥቶ እንጀራ ሲቆርስ ፎቶግራፍ ከመነሣታችሁ በፊት ይህን ጠይቁት።

ኮንግረስ እስኪነቃ ደግሞ ቀጣሪው ራሱ ማድረግ የሚችለውን ጠይቁ። የሠራተኛ ማኅበር ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ድርድር ከሰዓት ክፍያው ጎን ጣሪያውንም ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ማኅበር የሌላችሁ፣ በየዓመቱ የመድን ምዝገባ ሲመጣ አረቦኑን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፤ ዲዳክቲብሉን፣ ጣሪያውንና በእጃችሁ ያለውን ቁጠባ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። እኔ ለዩኒቨርሲቲያችን የጥቅማ ጥቅም ኮሚቴ ጥያቄዬን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ ጣሪያው እንደ አረቦኑ በደመወዝ ደረጃ ይከፈል፣ ከእኔ በላይ ያለን ሰዎች ጥቂት ከፍ ይበልብን ብዬ። «ይታያል» የሚል መልስ ደርሶኛል። እስኪታይ ድረስ በየስብሰባው አነሣዋለሁ።

ቸር ይግጠመን!